ፈረስ ሲገዛ የመዝገብ ስሙ ዋጋ አለውን?

እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ጁላይ 1 ቀን 1844 ዓ.ም. በሎንዶን ከተማ አንድ ልዩ ክርክር ለፍርድ ቀረበ። ከሳሹ ዉድ የሚባል የኤፕሶም የእህል ነጋዴ፣ ተከሳሹ ደግሞ የእንግሊዝ ጠቅላይ ሚኒስትር የሰር ሮበርት ፒል ወንድም ኮሎኔል ጆናታን ፒል ነበሩ። ከስድስት ሳምንት ያህል በፊት በኤፕሶም ሜዳ በተደረገው የደርቢ እሽቅድምድም የነጋዴው ፈረስ ራኒንግ ሬን አንደኛ፣ የኮሎኔሉ ፈረስ ኦርላንዶ ሁለተኛ ወጥተው ነበር። ኮሎኔሉ ግን ያሸነፈው ፈረስ ስሙ በመዝገብ የሰፈረው ፈረስ አይደለም በማለት ሽልማቱን ስለ ተቃወሙ፣ ነጋዴው ገንዘቡ እንዲሰጠው ክስ አቀረበ።

ዳኛው ባሮን አልደርሰን የምስክሮችን ቃል ከመስማት ሌላ ፈረሱ ራሱ ቀርቦ ጥርሱ እንዲታይ ፈለጉ። የደርቢ ውድድር የተፈቀደው ለሦስት ዓመት ፈረሶች ብቻ ስለሆነ፣ የፈረሱ አፍ ቢከፈት ነገሩ ወዲያውኑ የሚለይ ነበር። ዳሩ ግን ፈረሱ ተፈልጎ ሊቀርብ አልቻለም። ነጋዴውም ነገሩ ተንኰል ያለበት መሆኑን በመረዳት ክሱን ተወ፤ ድሉና ሽልማቱም ለኦርላንዶ ሆነ። ራኒንግ ሬን ተብሎ የሮጠው ፈረስ እውነተኛ ስሙ ማካቢየስ የሆነ የአራት ዓመት ፈረስ ነበር። በዚያው ውድድር ሊያንደር የሚባል ሌላ ፈረስ እግሩ ተሰብሮ ስለ ተገደለ መንጋጋው ሲመረመር፣ እርሱም ዕድሜው ከሦስት ዓመት ያለፈ ሆኖ ተገኝቷል። በአንድ ቀን፣ በአንድ ሜዳ፣ ሁለት የዕድሜ ማጭበርበር ማለት ነው።

ከዚህ ታሪክ ለነጋዴ ትልቁ ቁም ነገር፣ ዉድ የያዘው ስም የተፈጠረ ስም አለመሆኑ ነው። ራኒንግ ሬን የሚባል ውርንጭላ በእርግጥ ተወልዶ ነበር። ወረቀቱም ስሙም ትክክል ነበሩ፤ ትክክል ያልነበረው ፈረሱ ነው። ይህ ከሆነ ከ180 ዓመት በላይ አልፎታል፤ ይሁን እንጂ ፈረስ ከውጭ አገር ለሚያስመጣም፣ ለሚሸጥም፣ ለሌላ ሰው ወኪል ሆኖ ለሚገዛም ጥያቄው ዛሬም ያው ነው። በመዝገብ የተጻፈው ስም ገዥው ገንዘብ ሊከፍልበት የሚገባ ነገር ነውን? ከሆነስ ዋጋው የሚገኘው በምን ላይ ነው?

በኢትዮጵያ «ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም» የሚባል ምሳሌ አለ። የመዝገብ ስምም እንደዚሁ ነው። ገዥውን እስከ መዝገቡ ደጃፍ ያደርሰዋል፤ ከዚያ በኋላ ያለውን ምርመራ ግን ራሱ ገዥው ሊሠራው ይገባል።

ጌታው በፈረሱ፣ ፈረሱ በጌታው

ለኢትዮጵያ አንባቢ የፈረስ ስም እንግዳ ነገር አይደለም። ዐፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ዐፄ ዮሐንስ አባ በዝብዝ፣ ዐፄ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ አባ ጠቅል፣ ራስ አሉላ አባ ነጋ፣ ደጃዝማች ባልቻ አባ ነፍሶ ተብለው የተጠሩት በፈረስ ስማቸው ነው። በ1951 ወደ ኮርያ የዘመተው የኢትዮጵያ ጦር ቃኘው መባሉም ከዚሁ ልማድ የመጣ ነው፤ አባ ቃኘው የራስ መኰንን የፈረስ ስም ነበርና። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት፣ የኢትዮጵያ መሆናቸው ካልተገለጸ በቀር፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

በዚህ ልማድ የፈረሱ ስም በጌታው ላይ ያርፋል። ፈረሱ ቢያረጅ፣ ቢሞት ወይም በሌላ ቢተካ ስሙ ከጌታው ጋር ይኖራል። እንዲህ ያለው ስም የክብር ስም እንጂ የገበያ ስም አይደለም፤ ማንም ሰው ፈረሱን ቢገዛ ስሙን አብሮ ሊገዛው አይችልም ነበር።

በእንግሊዝ አገር ግን ነገሩ በመጀመሪያ የተገላቢጦሽ ነበር። ቶሮብሬድ የሚባለው የእሽቅድምድም ፈረስ ዘር ሁሉ በአባት በኩል ወደ ሦስት ድንጉላዎች ይደርሳል። እነርሱም ባየርሊ ቱርክ፣ ዳርሊ ዐረብና ጎዶልፊን ዐረብ ይባላሉ። ባየርሊ፣ ዳርሊና ጎዶልፊን የፈረሶቹ ባለቤቶች ስሞች ናቸው። ከሦስቱም ለነጋዴ የሚቀርበው የሁለተኛው ታሪክ ነው፤ በሐለብ ከተማ ተቀምጦ ይነግድ የነበረው ቶማስ ዳርሊ ፈረሱን እዚያው ገዝቶ በ1704 ዮርክሻየር ወዳለው ወደ ቤተ ሰቡ ርስት ላከው። በኢትዮጵያ ጌታው በፈረሱ ሲጠራ፣ በዚያ ፈረሱ በጌታው ተጠራ ማለት ነው።

የዚህ ልማድ ጉዳት ለነጋዴ ግልጽ ነው። ፈረሱ ሲሸጥ ጌታው ይለወጣል፤ ጌታው ሲለወጥ ስሙ ይለወጣል፤ ስሙ ሲለወጥ ያለፈ ሥራው ይጠፋል። ታሪኩ የጠፋ ፈረስ ደግሞ ሻጩ በሚናገረው ቃል ብቻ ይሸጣል። ይህን ለማቃናት በ1791 ጄምስ ዌዘርቢ የአጠቃላዩን የዘር መዝገብ መቅድም አሳተመ። ዌዘርቢስ የተባለው ድርጅት ያንኑ መዝገብ እስከ ዛሬ ይዞ ይገኛል። በአሜሪካም ተመሳሳዩን ሥራ የሚያከናውነው በ1894 የተቋቋመው ጆኪ ክለብ ነው።

መዝገቡ የሚፈቅደውና የሚከለክለው

በጆኪ ክለብ ደንብ መሠረት የፈረሱ ስም በላቲን ፊደል ሲጻፍ፣ ክፍት ቦታውና ምልክቱ ጭምር ተቆጥሮ፣ ከ18 ፊደል ሊበልጥ አይችልም። በሕይወት ያለ ሰው ስም ያለ ጽሑፍ ፈቃድ አይሰጥም። ግልጽ የንግድ ትርጉም ያለው ስም አይፈቀድም፤ ፈረስን ለሳሙና ወይም ለዘይት ማስታወቂያ ለማድረግ ያሰበ ነጋዴ ካለ ሌላ ዘዴ ይፈልግ። የታላላቅ ፈረሶች ስም ለማንም እንዳይሰጥ ለዘለዓለም ተጠብቋል። አንድ ፈረስ ለመጀመሪያ ጊዜ ከሮጠ ወይም ለዘር ከዋለ በኋላም ስሙን መለወጥ በተለምዶ አይፈቀድም።

ከነዚህ ደንቦች ሁሉ ለገዥ የሚበልጥበት የመጨረሻው ነው። የቀሩት የጨዋነትና የሥነ ሥርዓት ጉዳዮች ናቸው፤ ይህኛው ግን የፈረሱን ድልና ሽንፈት ከስሙ ጋር አሥሮ ይይዛል። አሥር ጊዜ ሮጦ አሥር ጊዜ የተሸነፈ ፈረስ አዲስ ስም ለብሶ እንደ አዲስ ዕቃ ወደ ገበያ እንዳይመለስ ይከለክላል። የስሙ ማማር ወይም ማስጠላት ግን ከዋጋው ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም። ውብ ስም ደካማውን ፈረስ አያስሮጠውም፤ አስቂኝ ስምም ብርቱውን አያዘገየውም።

ስም ብቻውንም ቢሆን አይበቃም። በደንብ ያልተጠበቀ ስም ከዓመታት በኋላ ለሌላ ፈረስ ሊሰጥ ይችላል፤ በልዩ ልዩ አገሮችም ሁለት ፈረሶች በአንድ ስም ሊጠሩ ይችላሉ። በዚህ ምክንያት በዓለም አቀፍ ሽያጭ ከስሙ ቀጥሎ የተወለደበት አገር ምልክትና የተወለደበት ዓመት ይጻፋል። ሦስቱ አንድ ላይ ካልተጠቀሱ ፈረሱ ተለይቶ ታውቋል ለማለት አይቻልም። በዓመቱ አቆጣጠርም ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በአውሮፓና በአሜሪካ የተወለደ ቶሮብሬድ ሁሉ፣ በማናቸውም ወር ቢወለድ፣ በጃንዋሪ 1 ቀን አንድ ዓመት እንደ ጨመረ ይቆጠራል፤ በአውስትራልያ ግን ቀኑ ኦገስት 1 ነው። ዕድሜውን ከወረቀት ብቻ የሚያሰላና በመስከረም 1 ቀን ዓመት መቁጠር የለመደ ገዥ በዚህ መካከል በቀላሉ ይሳሳታል።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ አስገራሚው፣ ትልቁ ገንዘብ ብዙ ጊዜ የሚከፈለው ገና ስም ላልወጣላቸው ፈረሶች መሆኑ ነው። በኬንታኪ ኪንላንድ በሚባለው የጨረታ ስፍራ የአንድ ዓመት ውርንጭሎች ለሽያጭ ሲቀርቡ አብዛኞቹ ስም የላቸውም። በዝርዝሩ መጽሐፍ የሚጻፈው የጨረታው ቁጥር፣ ጾታው፣ መልኩ፣ ከዚያም የአባቱና የእናቱ ስም ነው። ገዥው የሚከፍለው በወላጆቹ ስም ለተመዘገበው ሥራ ነው፤ ይህም ፋብሪካው የታወቀ ነውና ዕቃው ሳይፈተሽ ይገዛ እንደ ማለት ነው።

እንዲህ ያለው ግዥ ምን ያህል አደጋ እንዳለበት የሚያሳዩ ምሳሌዎች አሉ። በ1983 ኖርዘርን ዳንሰር የተባለው የዝነኛው ድንጉላ ልጅ የሆነ ውርንጭላ በኪንላንድ በ10.2 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠ። ኋላ ስናፊ ዳንሰር የሚል ስም ወጣለት፤ ነገር ግን አንድ ጊዜ እንኳ ለውድድር ሳይቀርብ ቀረ፣ ለዘርም ሲፈተን እምብዛም አልተሳካለትም። በ2006 በ16 ሚሊዮን ዶላር የተሸጠውና ዘ ግሪን መንኪ የተባለው የሁለት ዓመት ፈረስ ሦስት ጊዜ ሮጦ አንዱንም አላሸነፈም። በአንጻሩ በ1975 በ17,500 ዶላር ብቻ የተገዛ ውርንጭላ ሲያትል ስሉ ተብሎ በ1977 ሦስቱን ታላላቅ የአሜሪካ ውድድሮች አከታትሎ አሸንፏል፤ እስከዚያም ድረስ ማንም አልቀደመውም ነበር። የወላጅ ስም ለገዥው ተስፋ ይሰጠዋል እንጂ ዋስ አይሆነውም።

ከኡሩጓይ የመጡት ሁለት ፈረሶች

ለአስመጪዎች ከሁሉ ይልቅ የሚጠቅመው ታሪክ በ1977 በኒው ዮርክ የሆነው ነው። አንድ ስመ ጥር የእንስሳት ሐኪም ከኡሩጓይ ፈረሶች ያስመጣል። ከነዚህም አንዱ በአገሩ ሻምፒዮን የነበረው ሲንዛኖ፣ ሌላው ደግሞ በርካሽ የተገዛውና ይህን ያህል ሥራ ያልነበረው ሌቦን ነበር። ሁለቱ በመልክ ይመሳሰላሉ። ከደረሱ ብዙም ሳይቆይ ሲንዛኖ በአደጋ ሞተ ተባለና 150,000 ዶላር የኢንሹራንስ ገንዘብ ተከፈለ።

ሴፕቴምበር 23 ቀን ሌቦን በቤልሞንት ፓርክ ሜዳ ሮጦ ማንም ሳይጠብቀው አሸነፈ። በእርሱ ላይ ሁለት ዶላር ላስያዘ ሰው 116 ዶላር ተከፈለ። የአሸናፊው ፎቶግራፍ ኡሩጓይ ሲደርስ ግን ፈረሱን አጥብቀው የሚያውቁ ሰዎች ይህ ሌቦን ሳይሆን ሲንዛኖ ነው ሲሉ ለኒው ዮርክ አስታወቁ። የሞተው ሌቦን፣ የሮጠው ሲንዛኖ ነበር። ሐኪሙም ተከስሶ በ1978 ተፈረደበት።

የነገሩ አካሄድ ከራኒንግ ሬን ጋር አንድ ዓይነት መሆኑን አንባቢ ሳያስተውል አይቀርም። በሁለቱ መካከል 133 ዓመት አለ፤ ይሁን እንጂ በሁለቱም ዘንድ ስሞቹ በመዝገብ ያሉ እውነተኛ ስሞች ናቸው፤ የተለወጠው ስሙን የተሸከመው ፈረስ ነው። የኢንሹራንሱ ኩባንያ በሕይወት ስላለ ፈረስ የሞት ካሣ ከፈለ፤ በሌሎቹ ፈረሶች ላይ ገንዘባቸውን ያስያዙ ሰዎችም ባላወቁት ተንኰል ከሰሩ። ፈረሶቹን የሚያውቀው ሰው በሩቅ አገር ባይኖርና ጋዜጣው ባይደርሰው ኖሮ ነገሩ ምናልባት ተሸፍኖ በቀረ ነበር።

መዝጋቢዎቹ እንዲህ ያለውን ለመከላከል በየጊዜው ልዩ ልዩ ዘዴ ሞክረዋል። በአሜሪካ ከ1947 ጀምሮ በፈረሱ የላይኛው ከንፈር ውስጥ ቁጥር ይነቀስ ነበር። ኋላም የደም ምርመራ፣ ከዚያም የወላጆቹን ማንነት የሚያረጋግጠው የዲ.ኤን.ኤ. ምርመራ ተጨመረ። በ2017ና ከዚያ ወዲህ የተወለዱ የአሜሪካ ቶሮብሬዶች ሁሉ ማይክሮቺፕ የሚባለው የሩዝ ፍሬ የምታክል ነገር በአንገታቸው ውስጥ ይገባላቸዋል፤ ቁጥሩም በእጅ በሚያዝ መሣሪያ ይነበባል።

ይህም ሁሉ ሆኖ መሣሪያው የሰውን ቸልተኝነት ሊተካው አልቻለም። በጁላይ 2017 በእንግሊዝ አገር በያርማውዝ ሜዳ ማንዳሪን ፕሪንሰስ የተባለች የሁለት ዓመት ለጋ ባዝራ፣ 50 ለ 1 ተገምታ ሳለ፣ አሸነፈች ተባለ። ከውድድሩ በኋላ ለምርመራ ተወስዳ ቺፗ ሲነበብ ግን ሚሊስ ኪስ የምትባል የሦስት ዓመት የጋጣ ባልንጀራዋ ሆና ተገኘች። ፈረሶቹ ወደ ስፍራው ሲገቡ ቺፓቸው በትክክል ተነቦ ነበር፤ የተቀያየሩት ከዚያ በኋላ ከጋጣ ወደ ሜዳ ሲወሰዱ ነው። ድሉም ኋላ ተሰርዟል። ወደ መጋዘን ሲገባ ተቆጥሮ ሲወጣ ያልተቆጠረ ዕቃ ምን እንደሚያስከትል ባለሱቅ ሁሉ ያውቃል።

ስምም ወረቀትም የሌለው ፈረስ

ስም ምንም ዋጋ የማይሰጥበት ሥራም አለ። በ1956 ሃሪ ደ ሌየር የሚባል፣ ከሆላንድ ወደ አሜሪካ የሄደ የግልቢያ አስተማሪ፣ በፔንሲልቫንያ ኒው ሆላንድ ወደሚደረገው የፈረስ ጨረታ ዘግይቶ ደረሰ። ጨረታው አልቆ የቀሩት ፈረሶች ወደ ቄራ ለመሄድ በመኪና የሚጫኑት ብቻ ነበሩ። ከነዚያ መካከል አንዱን አምባላይ ፈረስ በ80 ዶላር ገዛው። ፈረሱ ወረቀት የለው፣ የዘር ሐረግ የለው፣ ስም እንኳ አልነበረውም፤ በገበሬ ቤት ሲያርስ የኖረ ነበር። የገዥው ልጆች ስኖውማን፣ ማለት የበረዶ ሰው፣ ብለው ጠሩት።

ደ ሌየር ፈረሱን ለአንድ ጎረቤት ሸጦት ነበር። ፈረሱ ግን የአዲሱን ጌታውን አጥር እየዘለለ ደጋግሞ ወደ ቀድሞው ጋጣ ተመለሰ። በዚህ ጊዜ ነበር የመዝለል ተሰጥዎው የታወቀው። ስኖውማን በ1958 የአሜሪካ የዝላይ ሻምፒዮን ሆነ፤ በ1959ም ያንኑ ደገመ። ሰንጋ ስለነበረ ለዘር የሚፈልገው አልነበረም፤ ስለዚህ አባቱ ማን እንደሆነ መታወቁም አለመታወቁም በዋጋው ላይ የሚጨምረው ወይም የሚቀንሰው ነገር አልነበረም። ዋጋው በዘለለው አጥር ልክ ነው።

በአውሮፓ የዝላይና የግልቢያ ጥበብ ፈረሶች ዘንድ መዝገብ አለ፤ ነገር ግን ስሙ እንደ ቶሮብሬዶቹ የጸና አይደለም። በሆላንድ መዝገብ የአንድ ዓመት ውርንጭሎች ሁሉ ስማቸው በአንድ ፊደል እንዲጀምር ይደረጋል፤ በ2000 የተወለደው ዝነኛው ቶቲላስ በላቲኑ ቲ ፊደል የሚጀምረው ስለዚህ ነው። ባለቤት ሲለወጥ ግን አዲሱ ጌታ የራሱን የጋጣ ስም ወይም የረዳውን ኩባንያ ስም ከፊቱ ሊቀጥልበት ይችላል። በእንግሊዝና በአሜሪካ ፈረሰኞች ዘንድ የፈረስን ስም መለወጥ ዕድል ያበላሻል የሚባል አሮጌ እምነት አለ። እምነቱ እንዳለ ሆኖ፣ ለገዥ የሚበጀው ፈረሱ ከዚህ በፊት የተጠራባቸውን ስሞች ሁሉ በጽሑፍ መጠየቅ ነው፤ በአሁኑ ስሙ ድል ብቻ ያለው ፈረስ በቀድሞው ስሙ የእግር ሕመም ኖሮበት ይሆናልና።

በኢትዮጵያ ከሁለት ሚሊዮን በላይ ፈረሶች እንዳሉ ይገመታል። በገበያ ሲሸጡ የመዝገብ ስማቸውን የሚጠይቅ የለም። ለጋሪም ሆነ ለኮርቻ የሚገዛ ሰው መልኩ ዳማ ወይም ቦራ መሆኑን ያያል፣ አፉን ከፍቶ ጥርሱን ይቆጥራል፣ ኮቴውን አንሥቶ ይመረምራል፣ አስጋልቦ አካሄዱን ያያል፤ ሻጩ የታወቀ ሰው ካልሆነም የሚያውቀው ምስክር ይጠይቃል። ባሮን አልደርሰን ከዚያ ሁሉ የሕግ ክርክር በኋላ የፈለጉት ይህንኑ ነበር።

የገዥው ጥንቃቄ

ከውጭ አገር የዘር ወይም የእሽቅድምድም ፈረስ የሚያስመጣ ሰው እንግዲህ ስሙን ችላ ሊለው አይችልም፤ ሊያምነውም አይገባም። በመጀመሪያ የፈረሱን ስም፣ የትውልድ አገሩን ምልክት፣ የትውልድ ዓመቱንና የማይክሮቺፑን ቁጥር ከሻጩ ተቀብሎ፣ ትክክለኛነቱን ከሻጩ ሳይሆን ከራሱ ከመዝጋቢው ድርጅት ይጠይቃል። ቀጥሎም ገንዘቡ ከመከፈሉ በፊት፣ በገዥው የተቀጠረ የእንስሳት ሐኪም ቺፑን አንብቦ፣ ጥርሱንና በፓስፖርቱ ላይ የተሣሉትን የመልክ ምልክቶች ከፈረሱ ጋር ያስተያያል። ሐኪሙ የሻጩ ሐኪም መሆን የለበትም፤ የ1977ቱ ነገር ለዚህ በቂ ምክንያት ነው። ይኸው ምርመራ ፈረሱ ሲጫንና ሲራገፍ ይደገማል።

የፈረስ ፓስፖርት ማንነትን የሚያሳይ ወረቀት እንጂ የባለቤትነት ማስረጃ አለመሆኑም መታወቅ አለበት። ፓስፖርቱን የያዘ ሁሉ የመሸጥ መብት የለውም። ስለዚህ የሽያጭ ውል ለብቻው ይጻፋል፤ የባለቤትነቱ ዝውውርም በመዝገቡ እስኪገባ ድረስ ከዋጋው ከፊሉን ማቆየት የተለመደና የሚመከር ነው። በውሉ ላይ የጋጣ ስሙ፣ ማለትም ጠባቂዎቹ በየቀኑ የሚጠሩበት የቁልምጫ ስሙ፣ ብቻውን ከተጻፈ ግን ውሉ ፈረሱን የሚለይ አይሆንም። ብዙ ሻጮች በደብዳቤ የሚጠቅሱት ይህንኑ አጭር ስም ስለሆነ ከዚህ የተነሣ የሚፈጠረው ግራ መጋባት ጥቂት አይደለም።

የኢትዮጵያ ነጋዴ ይህን ነገር ከራሱ የንግድ ስም ጋር ቢያስተያየው በቀላሉ ይገባዋል። በንግድ ምዝገባና ፈቃድ አዋጅ ቁጥር 980/2008 መሠረት የተመዘገበ የንግድ ስም የድርጅቱን ባለቤት ማንነት ለይቶ ያሳውቃል፤ በሱቁ ያለው ቡና የታጠበ ይሁን ያልታጠበ ግን አይናገርም። ቡናውን መቅመስ የገዥው ፈንታ ነው። በ1952 ዓ.ም. በኢትዮጵያ አቆጣጠር የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግም ገዥው የተረከበውን ዕቃ ሳይዘገይ እንዲመረምርና ጉድለት ቢያገኝ ለሻጩ እንዲያስታውቅ ይጠይቃል። ፈረሱን ተረክቦ ሦስት ወር ሲጋልበው ከቆየ በኋላ ስሙን የሚመረምር ገዥ አቤቱታውን ራሱ ያዳክመዋል።

በመጨረሻም የፊደሉ ነገር አለ። በባንክ በኩል በሰነድ የሚከፈል ግዥ ሲሆን፣ በዋጋ ደረሰኙ፣ በጤና ወረቀቱ፣ በጭነት ሰነዱና በኢንሹራንሱ ውል ላይ ያለው ስም አንድ ዓይነት መሆን አለበት። ባንኩ የሚያየው ሰነዱን እንጂ ፈረሱን አይደለም፤ የአንድ ፊደል ልዩነት ክፍያውን ሊያስቆመው ይችላል። በተለይም ስሙ ከላቲን ወደ አማርኛ ወይም ወደ ዐረብኛ ተጽፎ ተመልሶ ወደ ላቲን ሲጻፍ እንደ ቀድሞው ሆኖ የሚመለሰው ጥቂት ጊዜ ነው። ስለዚህ ጸሐፊው ስሙን ከፓስፖርቱ ላይ ፊደል በፊደል እያየ እንጂ በጆሮው እየሰማ መጻፍ የለበትም።

በጆሮ የተጻፈ ስም ምን እንደሚሆን በእንግሊዝ የዘር መዝገብ ውስጥ ዝነኛ ምሳሌ ተመዝግቦ ይገኛል። በ1773 የተወለደና በአቢንግደን መስፍን ጋጣ የነበረ አንድ ፈረስ ፖቴቶስ፣ ማለት ድንች፣ ተብሎ እንዲጠራ ታዘዘ። የጋጣው ልጅ ስሙን በመኖ ሣጥኑ ላይ እንዲጽፍ ሲታዘዝ፣ እንደሚተረከው፣ ቃሉን ፖት እና ስምንት ኦ ብሎ ስለ ሰማው ፖት ብሎ ጀምሮ ስምንት የኦ ፊደሎች ደረደረበት። መስፍኑ ስቆ ስሙ እንዲሁ ይሁን አለ ይባላል። ፈረሱ በዚያው ስም ብዙ ውድድር አሸነፈ፣ ልጁ ዋክሲም በ1793 የደርቢን ውድድር አሸነፈ፤ ስምንቱ ኦዎች ግን እስከ ዛሬ በመዝገቡ እንዳሉ ናቸው።